«ንስር ነው» ተብሏል

ወፎችን ለይቶ የማወቅና የተፈጥሮ ፎቶግራፍ የማንሣት ሥልጠና ከሌሎች ሥልጠናዎች ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ዋናዋ ባለጉዳይ በጉባኤው ላይ ለመገኘት አልተስማማችም። ወፏ የጥሪ ደብዳቤ አልደረሳትም፣ የውሎ አበል አትጠብቅም፣ የመክፈቻው ንግግር እስኪያልቅ ቅርንጫፏ ላይ የመቆየት ግዴታም የለባትም። በዚህ የተነሣ፣ በሌላው ጊዜ ሁሉ ሲያስከብረንና ሲያስተዳድረን የኖረው ማኅበራዊ ሥርዓታችን፣ ማለትም ማዕረጉ፣ ሰላምታው፣ ይሉኝታውና ግብዣው፣ ለአንድ ጠዋት ሥራ ፈት ሆኖ ይታያል። ሥራ ቢፈታም ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።

ሀገራችን ለዚህ ሙያ የታደለች መሆኗን ማንም አይክድም። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ከመካከላቸውም ከእኛ ደጋና ቆላ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ አሉ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሥርቶ ስለ እነዚሁ ሀብቶች ሲያስተምር ኖሯል። ያም ሆኖ ለአብዛኞቻችን የአእዋፍ ዓለም በሁለት ትልልቅ ክፍሎች ብቻ የተከፈለ ነው፤ አንደኛው ዶሮ ሲሆን ሁለተኛው ዶሮ ያልሆነው ሁሉ ነው። አንዲት አዲስ ወፍ በመነጽር ስትታይ ከሠልጣኞች መካከል መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄም ከዚሁ ክፍፍል ይመነጫል፤ «ትበላለች?» ይባላል። አሠልጣኙ ይህን የሆዳምነት ጥያቄ አድርጎ ከወሰደው ተሳስቷል፤ ጥያቄው የሃይማኖት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን የሚበላውንና የማይበላውን በዝርዝር አስቀምጧል፤ በዚያው ዝርዝር ውስጥ የሌሊት ወፍም ከአሞራውና ከጉጉቱ ጋር አብራ ተቆጥራለች። ስለዚህ አሠልጣኙ «የሌሊት ወፍ አጥቢ እንስሳ እንጂ ወፍ አይደለችም» ባለ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሠልጣኝ ተነሥተው «ሙሴ የመዘገባትን አንተ በየትኛው ሥልጣንህ ነው የምትሰርዛት?» ብለው ቢጠይቁ መልስ ማግኘት ቀላል አይደለም። ክርክሩ እስከ ሻይ ዕረፍት ይዘልቃል፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላም በዕረፍቱ ወቅት በተገኘው አዲስ ኃይል ይቀጥላል።

እንዲህ ያለው ሥልጠና ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ከአዲስ አበባ ወጣ ባለ ከተማ፣ ሰፊ አዳራሽ ባለው ሆቴል ነው። ለምሳሌ ደብረ ብርሃንን እንውሰድ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ አቁሟል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚነፍሰው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ለወፍ ፍለጋ ከዚህ የተሻለ ወቅት ማግኘት ይከብዳል። ወፎች በብዛት የሚንቀሳቀሱት ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ እስከ 3 ሰዓት ገደማ መሆኑን የሥልጠናው መመሪያ ራሱ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፎታል። መርሐ ግብሩ ግን ምዝገባን በ3 ሰዓት ያስጀምራል። በዚህ አኳኋን ሠልጣኙና ወፉ በፈረቃ እንዲሠሩ ተደርጓል፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

በአዳራሹ ውስጥ ግድግዳውን የሸፈነ ባነር አለ፣ የታሸገ ውኃ አለ፣ የፕላስቲክ አበባ አለ። ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ የሆቴሉ ሣር ላይ ከእኛና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የማይገኝ የአይቢስ ዝርያ መንጋ ረጅምና ቆልመም ያለ መንቁሩን መሬት ውስጥ እየሰካ ትል ይለቅማል። ይህ ወፍ ሰውነቱ ጠቆር ያለ፣ ክንፉ ላይ ነጭ ያለበት፣ ከጉሮሮው ሥር ትንሽ ቆዳ የተንጠለጠለችበት ሲሆን፣ ድምፁ ደግሞ መንደር የሚቀሰቅስ ነው። አሠልጣኙ የዚህኑ ወፍ ሥዕል በፕሮጀክተር እያሳየ ስለ ጩኸቱ ሲያስረዳ ውጭ ያሉት በአንድ ድምፅ ጮኹ። አስተባባሪው ወዲያው ተነሥቶ ተሰብሳቢው እንዳይረበሽ መስኮቶቹን ዘጋ፤ ትምህርቱም ያለ እንከን ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ ስለ መሣሪያዎች ተነገረ። ባይኖኩላሩ ላይ 8 በ42 ተብሎ የተጻፈው፣ የመጀመሪያው ቁጥር ምን ያህል ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ነው፤ ይህን ለመረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃል። አስቸጋሪው የአያያዝ ቅደም ተከተሉ ነው። ለቡድኑ የተመደበው መነጽር አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ወፍ በታየ ቁጥር መጀመሪያ ለክብር እንግዳው ይሰጣል፤ የክብር እንግዳውም ጨዋ ሰው ስለሆኑ «አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ብለው ለአዛውንቱ ያስተላልፋሉ፤ አዛውንቱ «እግዚአብሔር ያሳይልኝ፣ ሴቶች ይቅደሙ» ይላሉ፤ መነጽሩ እንዲህ በክብር ተዘዋውሮ ወደ ዓይን በሚደርስበት ጊዜ ሁሉም ያያት አንድ የሚወዛወዝ ቅርንጫፍ ነው።

የአለባበሱም ነገር ሳይነሣ አያልፍም። አሠልጣኙ ወፍ ቀለም በደንብ እንደምትለይ፣ ስለዚህ አፈርና ቅጠል የሚመስል ልብስ መልበስ እንደሚገባ አጥብቆ አሳሰበ። በዚያው ምሽት አዘጋጁ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የስፖንሰሮች ዓርማ የታተመበት ነጭ ቲሸርትና ቢጫ ኮፍያ አደለ፤ ለፎቶግራፍ ማስረጃ ሲባል በመስክ ጉዞው ላይ መልበስ ግዴታ መሆኑም ተገለጸ።

በማግስቱ ጉዞው ወደ አንኮበር ነበር። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁርስ ከተበላ፣ የቀረው ሰው ከተጠበቀ፣ የተረሳው ኮፍያ ከተመለሰ በኋላ ቢነሡም ለምሳ አይዘገይም። በመንገድ ላይ መኪናው በቆመ ቁጥር የሚያልፍ ገበሬ ይኖራል። ገበሬውን ሳይሳለሙ ወደ ወፍ ማፍጠጥ ነውር ነው፤ ከተሳለሙ ደግሞ የራሱን ደኅንነት ብቻ ጠይቆ መተው የባሰ ነውር ነው። ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ሰብሉ ተጠይቆ «እግዚአብሔር ይመስገን» እስኪባል፣ ከዚያም ገበሬው በተራው ስለ አዲስ አበባ ሰላም ጠይቆ «ኧረ ከቤት ግቡ፣ ጠላ ቅመሱ» እስኪል ድረስ አጥር ላይ ተቀምጣ የነበረችው ወፍ ሦስት ቀበሌ አቋርጣ ትሄዳለች። ስለ አእዋፍ መመናመን ሲነገር የደን መጨፍጨፍና የረግረግ መድረቅ ይጠቀሳሉ፤ የሰላምታችን ርዝመት ግን ወፎቹን ሳያጠፋቸው እኛን ብቻ ከወፎቹ የሚያራርቅ በመሆኑ ጥናት ሳይደረግበት ቀርቷል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በመብራት ምሰሶ ላይ አንድ አዳኝ አሞራ ተቀምጦ ነበር፤ ጀርባው ጠቆር ያለ፣ ደረቱና ሆዱ ነጭ፣ ጅራቱ የሸክላ ጡብ ቀለም ያለው ቀይ። አስጎብኚዎች ኦገር ባዛርድ የሚሉት ይህ አሞራ በደጋው መንገድ ሁሉ፣ በየምሰሶው ላይ የሚታይ በመሆኑ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ለጀማሪ ቀላል ተብሎ የተቀመጠ ነው። የክብር እንግዳው መነጽሩን ሳይጠይቁ፣ በባዶ ዓይናቸው ቀና ብለው አይተው «ንስር ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመግለጽ ስለ ወፍ የሚያውቅ ሰው አያስፈልግም፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ ወር የሠራ ማንኛውም ሰው ይገልጸዋል። የክፍል ኃላፊው «በእርግጥም ግርማ ሞገሱ...» ብሎ ጀመረ። ሌላው የንስርን ዓይን ስለታምነት አወሳ። ሌላዋ ከመዝሙረ ዳዊት «ጎልማስነትሽን እንደ ንስር ያድሳል» የሚለውን ጠቀሰች። ቀዩን ጅራት በግልጽ ያየች አንዲት ወጣት ሠልጣኝ መጽሐፉን በትክክለኛው ገጽ ላይ ከፍታ እጇን ግማሽ ድረስ አነሣች፤ ጎኗ ያለው ባልደረባዋ በክርኑ ነካ ሲያደርጋት በዚያው እጇ ፀጉሯን አስተካከለች። አሠልጣኙ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት በጀት በእኒሁ ሰውዬ ፊርማ እንደሚጸድቅ ያውቃል። ሳልና ጉሮሮ መጥረግ ካበቃ በኋላ፣ «በአንዳንድ አካባቢ እንዲህ ያለ ንስር ሊታይ ይችላል» አለ። በቃለ ጉባኤውም «ንስር፣ 1» ተብሎ ተመዘገበ። አሞራው ራሱ ይህ ሁሉ ሲሆን ከምሰሶው ላይ አልተነቃነቀም፤ ጅራቱን እንዲያውም ዘርግቶ ዞሮ አሳየ፤ የሚቀበለው ግን አጣ።

ወፍን መለየት ማለት በመሠረቱ፣ ሌላው ምንም ቢል እኔ ያየሁት ይህ ነው ብሎ መመስከር ነው። በዚህ ረገድ የነጭ ሳርን ታሪክ የማይሰማ ሠልጣኝ ባይኖር ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የመጣ የተመራማሪዎች ቡድን መንገድ ላይ ሞቶ የበሰበሰ፣ ናይትጃር የሚባል በሌሊት የሚበር ወፍ አገኘ፤ ለማስረጃ ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ተመራማሪዎቹ ያንን አንድ ክንፍ ከሌሎች ናሙናዎች ጋር አመሳክረው፣ ለሳይንስ አዲስ የሆነ ዝርያ ነው ብለው እ.ኤ.አ. በ1995 አሳተሙ። እነርሱ በአንድ ክንፍ ደፍረው ሲናገሩ፣ እኛ ሙሉ ወፍ ከነጅራቱ ምሰሶ ላይ ተቀምጦልን የሥራ ሂደት ባለቤቱን ፊት እናያለን።

መዝገብ መያዝን በተመለከተ ደግሞ የልዑል ሩስፖሊን ያህል የሚያስተምር የለም። ይህ ጣልያናዊ ተጓዥ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር አንድ ውብ ወፍ ሰበሰበ፤ የት እንዳገኘው ግን የተጻፈ ማስታወሻ ሳይተው እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። ወፉ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ የሚኖርበትን ቦታ ለማወቅ ግን ለአሥርተ ዓመታት መፈለግ ግድ ሆኗል። አሠልጣኙ ይህን የተናገረው «ቀንና ቦታ ጻፉ» ለማለት ነበር። ከሠልጣኞች የተነሡት ጥያቄዎች ግን በሙሉ ስለ ዝሆኑ ነበሩ።

አንኮበር ላይ ሊታይ የታሰበው ወፍ እዚያው አካባቢ የተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ ዓለም የተዋወቀ፣ በስሙም አንኮበርን ያስጠራ ነው። እርሱን ለማየት ከአውሮፓና ከአሜሪካ አውሮፕላን ተሳፍረው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ሠልጣኞቹ ይህን ሲሰሙ የወርቅ ላባና የረዘመ ጅራት ጠበቁ። ከገደሉ አፋፍ ላይ ብቅ ያለችው ግን ጭረት ጭረት ያለባት፣ ቡናማ፣ ከድንቢጥ የማትሻል ትንሽ ወፍ ነበረች። ቅሬታው ከባድ ነበር። «ይቺ ናት ፈረንጅ የሚያስመጣችው?» የሚለው ድምፅ ከኋላ ተሰማ፤ የወፏ መልክ የሀገርን ገጽታ የማይመጥን ስለሆነ በብሮሹሩ ላይ ሌላ፣ ቀለማም ወፍ ቢደረግ የሚል የማሻሻያ ሐሳብም ቀረበ። እኔ በበኩሌ ወፏን አደነቅኋት። እንግዳ ይመጣል ብላ ያልለበሰች፣ የሩቅ ሰው ሁሉ በራሱ ወጪ መጥቶ የሚያያት ሌላ ማን አለን?

የፎቶግራፉ ክፍል ከዚህ ሁሉ የበለጠ ሞቅ ያለ ነው። አሠልጣኙ የሚለው አጭር ነው፤ በጠዋት ብርሃን አንሡ፣ ዝቅ በሉ፣ ትኩረታችሁ የወፏ ዓይን ላይ ይሁን፣ ስትበር ከሆነ የካሜራውን ፍጥነት ወደ 1/2000 ሴኮንድ አድርጉት፣ ጎጆዋን አትጠጉ፣ ዛፍ አትንኩ። የመጨረሻውን የሰማ የለም። ከባለካሜራዎቹ አንዱ ለዕይታ የከለከለውን ቅርንጫፍ «ትንሽ ላጽዳው» ብሎ ሰበረ፤ ወፏ የተቀመጠችው በዚያው ቅርንጫፍ ላይ ነበር። ስልክ የያዙት ደግሞ ሰማዩን አንሥተው፣ መሐሉ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ በቀይ ክብ ከብበው፣ «ይህ ምን ዓይነት ወፍ ነው?» ብለው በቴሌግራም ላኩ፤ በደቂቃ ውስጥ ከዘመድ አዝማድ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል መልስ መጣ። ገደሉ ላይ የነበሩት ጭላዳዎች ብቻ ለፎቶግራፍ አንሺ የሚመች ትዕግሥት አሳዩ፤ ምሳው ወዳለበት ፌስታልም ቀስ በቀስ የቀረቡት በዚሁ ትዕግሥታቸው ነው።

ረጅም ሌንስ በሀገራችን የሚያስነሣው ጥያቄ ግን ከወፍ ጋር ግንኙነት የለውም። ከአንድ ድልድይ ሥር ክንፏ ሰማያዊ የሆነ፣ በእኛ ደጋ ብቻ የምትኖር ዝይ ከጫጩቶቿ ጋር ትዋኝ ነበር። ባለካሜራው እንዳነጣጠረ ጥበቃው መጣ።

«ደብዳቤ አላችሁ?»

ደብዳቤው ወጣ፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቁጥርና ቀን አለው።

«እዚህ ላይ ሥልጠና እንጂ ዝይ አይልም። የምታነሡት ድልድዩን ነው ወፏን?»

«ወፏን ነው ጋሼ።»

«ወፏ የት ናት?»

«ከድልድዩ ሥር።»

«እንግዲያው ድልድዩን ነው» አለና ነገሩን ዘጋው። በሕግ አስተሳሰቡ ላይ እስካሁን ቀዳዳ ያገኘበት የለም። ከዚያ በፊት በጥድፊያ የተነሣችው አንዲት ፎቶግራፍ ግን በማታው ውድድር አንደኛ ወጣች፤ አንሺው በኮምፒዩተር ሰማያዊውን ከክንፏ አስፋፍቶ እስከ አንገቷ ስላደረሰው ዳኞቹ በሀገሪቱ የተፈጥሮ ሀብት ተደነቁ።

ከሥልጠናው ሁሉ ማኅበራዊ ኑሯችንን የነካው ትምህርት የተሰጠው ባልታሰበ ሰዓት፣ ስለ መስቀል ወፍ በተጠየቀ ጊዜ ነው። አሠልጣኙ፣ በየአካባቢው ሰው የመስቀል ወፍ የሚላቸው የተለያዩ ወፎች እንዳሉ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የትም እንደማይሄዱ አስረዳ። ወንዱ በክረምቱ የመራቢያ ወቅት ቀይ ወይም ቢጫ ከጥቁር ጋር ለብሶ ይታያል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ቀይሮ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆንና ዓመቱን ሙሉ ከዚያው ማሳ ውስጥ፣ ከፊታችን ይውላል። አዳራሹ ጸጥ አለ። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመዱን በዚህች ወፍ ስም ሲሰድብ የኖረ ሁሉ ሒሳቡን መከለስ ነበረበት። አንድ ሠልጣኝ የሚስቱን ወንድም ለብዙ ዘመን እንዲህ ሲል እንደኖረ ተናግሮ፣ ምናልባት ሰውዬው ዘወትር በሥራ ልብሱ ይመጣ ኖሮ እኔ አላወቅሁት ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ከሥልጠናው ወሰን ውጭ ስለሆነ ታለፈ።

በመጨረሻው ቀን መኪናው ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ቆላ ወረደ። እኩለ ቀን ነበርና ፀሐዩ በርትቶ ሁሉም ወፍ ጥላ ውስጥ ገብቷል፤ «ወፍ የለም» የሚለው የአራዳ አባባል በዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛ ቦታው ተነገረ። ማሽላው ደርሷል፤ በየማሳው መካከል ማማ ተተክሏል፤ ከማማዎቹ በአንዱ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ ወንጭፉን ይዞ ግሪሳ ይጠብቃል። አሠልጣኙ ቀረብ ብሎ ሲያነጋግረው፣ ልጁ መንጋው ከየት ወገን በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ሳይታይ በክንፉ ድምፅ ብቻ ግሪሳ መሆኑን እንዴት እንደሚለይ፣ ከግሪሳው ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣው ግን ማሽላ የማይነካው ወፍ የትኛው እንደሆነ፣ ጭልፊት ከመምጣቱ በፊት ትንንሾቹ ምን ብለው እንደሚጮኹ ጣቱን እየቀሰረ አስረዳ። ሠልጣኞቹ ማስታወሻ መያዝ ጀመሩ። የክብር እንግዳው በሰማይ ላይ የሚዞረውን አሞራ አይተው «ያውና ንስር» ሲሉ ልጁ ቀና ብሎ አየና፣ የበጀት ዓመቱን ሳያስብ፣ «ኧረ አይደለም ጋሼ፤ ይኼ አይጥ የሚበላው ነው፤ ጅራቱ ቀይ ነው» አላቸው። እጇን ግማሽ ድረስ አንሥታ የነበረችው ወጣት ያን ጊዜ ሳቋን በኮፍያዋ ሸፈነች፤ ኮፍያው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመ።

አስተባባሪው ልጁ የገለጻ ተሳታፊ ሆኖ እንዲመዘገብ ፈለገና የስም መቆጣጠሪያውን ወረቀት ሰጠው። ልጁ ስሙን ጻፈ፤ «መሥሪያ ቤት» በሚለው ሥር «ማማ» ብሎ ሞላ፤ «የኃላፊነት ደረጃ» የሚለውን አሰበበትና ባዶ ተወው። ከዚያ ወፎቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ሲጠየቅ «እወነጭፋቸዋለሁ» ስላለ፣ ሥልጠናው ደግሞ ስለ ጥበቃ ስለነበር፣ መስመሩ በእስክሪብቶ ተሰረዘ። እርሱ ግን ይህን አላየም፤ ዓይኑ የቀረው በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ በተተከለው በትልቁ ሌንስ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ ስንት ይመታል?»

«አይመታም፣ ፎቶ ነው የሚያነሣው» አለ አሠልጣኙ፤ ከዚያ ግን ኩራቱን መደበቅ አቅቶት «600 ነው» አለው።

«600 ምን?»

«ሚሊ ሜትር።»

ስድስተኛ ክፍል የሚማረው ልጅ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ትንሽ አሰላ። «እሱማ 60 ሳንቲ ሜትር ነው» አለ፤ ለሰውዬው ማዘኑም ፊቱ ላይ ታየ። ከዚያ ከማማው ሥር ድንጋይ አንሥቶ ወንጭፉ ውስጥ አደረገና፣ «የእኔ እስከዚያ ዋርካ ድረስ ይሄዳል፤ ላሳይህ?» አለው።